የኋላ መብራት የባለሞተሩ አይደለም

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ያለፈው ሳምንት ክርክር ያልበረደላችሁ ካላችሁ ሌላ ቀን እንመለስበታለን። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሞተር ሳይክል የኋላ መብራት ነው። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሙቀቱ ሲመለስ የኛ ልጆች ሞተራቸውን ከጋራዥ ማውጣት ይጀምራሉ። ሰሞኑን ስትቀባበሉት የነበረው ቪዲዮ ለኔም ደርሶኛል፣ ያውም ከስድስት ሰው። አንድ ወንድማችን ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ የፋብሪካውን የኋላ መብራት ይነቅልና ጥቁር ሌንስ ያለው፣ ፍሬኑም ፍሬቻውም አንድ ላይ የተጠቃለለ ኤልኢዲ «በ15 ደቂቃ» ይገጥማል። ሙዚቃው ያምራል፣ የልጁም እጅ ፈጣን ነው። ከስር ያለው ኮሜንት ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «እሳት! የት ነው የገዛኸው?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ኧረ በራሳችሁ አትንኩ፣ የኤሌክትሪክ ነገር ነው፣ ለሜካኒክ ስጡ» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ።

የፊት መብራት ላንተ ነው፣ መንገድ ታይበታለህ። የኋላ መብራትህን ግን ሞተሩ ላይ ተቀምጠህ እየነዳህ አንድም ቀን አይተኸው አታውቅም። የሚያየው ከኋላህ ያለው ሰው ነው። ማለትም እኔ ነኝ። በቀን አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ይዤ የምውለው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከአየር ማረፊያ ሰው ጭኜ የምመለሰው እኔ ነኝ። ገንዘቡን የከፈልከው አንተ ብትሆንም የምጠቀምበት እኔ ነኝ። ስለዚህ «የራሴ ሞተር፣ የራሴ ምርጫ» የምትለዋ ነገር ለታንከሩ ቀለም ትሠራለች፣ ለመሪው እጀታም ትሠራለች፣ ለኋላ መብራት ግን አትሠራም።

መጀመሪያ «አትንኩ» ለምትሉት ልመልስ። አንድ የማከብራቸው ጋሼ «አንተ ኢንጂነር ስለነበርክ ቀለለህ፣ በሌላው አትፍረድ» ብለው ጽፈውልኛል። ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ይህ የኢንጂነር ሥራ አይደለም። የሞተር የኋላ መብራት ሦስት ሽቦ ነው። አንዱ ማሳ፣ አንዱ ቁልፍ ሲከፈት ሁልጊዜ የሚበራው፣ አንዱ ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚበራው። ፍሬቻ የተጠቃለለበት ከሆነ ለግራና ለቀኝ ሁለት ይጨመራል። በቃ። ሶማሌ ተራ አንድ አምፖልና ሁለት ሽቦ ብቻ ይዞ የትኛው መስመር የት እንደሚሄድ የሚያገኝ ልጅ ነበር፣ ዲግሪ የጠየቀው ሰው የለም። እዚህ ደግሞ የጋራዥ የአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከራሱ ከመብራቱ ይበልጣል። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ርካሽ ቴስተርና ትዕግሥት ያለው ሰው ቤቱ ይሥራው። እኔ ሥሩ ባይ ነኝ።

ግን ቤት ስትሠሩ የምትሸከሙት አንድ ነገር አለ፣ ቪዲዮው ላይ አልተነገረም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አከፋፋይ ወይም ጥገና ቤት የተሽከርካሪን አስገዳጅ የደህንነት ዕቃ ከሥራ ውጭ ማድረግ አይፈቀድለትም። ይህ ክልከላ የሚመለከተው ፋብሪካውን፣ ሻጩን፣ አከራዩንና ጥገና ቤቱን ነው። ባለቤቱ ራሱ ቤቱ የሚያደርገውን አይነካም፣ እሱን ለየስቴቱ ሕግ ትቶታል። ስለዚህ ሕጋዊ ጋራዥ «ይህን ጥቁር ሌንስ አልገጥምም» ብሎ ቢመልስህ ሰነፍ ወይም ገንዘብ ፈላጊ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። አንተ ቤትህ ስትገጥመው ደግሞ የሚያይህ ተቆጣጣሪ የለም። ኢንጂነሩም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ተጠያቂውም አንተው ነህ። ቪዲዮው ነፃነቱን ብቻ ነው ያሳየው።

አሁን ወደ ጥቁሩ ሌንስ እንምጣ፣ ዋናው ጠቤ እዚያ ነው።

«ስሞክድ» እያሉ የሚሸጡት ሌንስ ጭስ የጠጣ የሚመስል ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ያጠቆረው ብርሃን የትም አይሄድም፣ እዚያው ይቀራል። «ውስጡ ኤልኢዲ ስለሆነ ያካክሳል» ትሉኛላችሁ። ካካካሰ ጥሩ። የለካው ማን ነው? የፋብሪካ መብራት የሚለካው ሌንሱ ላዩ ላይ እንዳለ፣ ከቀጥታም ከጎንም ከላይም ከታችም ነው። አንተ የለካኸው ጋራዥ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት፣ በስልክህ ካሜራ ነው። በዚያ ሁኔታ የሲጋራ መለኮሻም ያበራል።

ደንቡ የሚጠብቀው ደግሞ ብርሃን መኖሩን ብቻ አይደለም። በፌዴራል ደንቡ የፍሬን መብራት፣ የኋላ መብራቱ ጋር አንድ ላይ ሲሠራ፣ በመሃሉ አካባቢ ከኋላ መብራቱ ቢያንስ 5 እጥፍ መድመቅ አለበት። የድሮው ባለ ሁለት ክር አምፖል በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። አውሮፓ ያላችሁ የምታውቁት አምፖል አንዱ ክር 5 ዋት፣ ሌላው 21 ዋት ነው። ከኋላ ላለ ነጂ ትርጉም ያለው ይህ ልዩነት ነው። ቀይ ነገር ማየቴ ብቻውን አይጠቅመኝም። የነበረው ቀይ በድንገት ሌላ ቀይ ሲሆን ነው እግሬ ወደ ፍሬን የሚሄደው። በርካሹ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ይህ ነው። የኋላ መብራቱ ቆንጆ እንዲመስል ከመጠን በላይ ይደምቅና ፍሬን ሲያዝ የሚጨመረው ጥቂት ይሆናል። በዚያ ላይ ቀን ፀሐይ ሲያርፍበት ሌንሱ ጥቁር ነው። ያኔ ኋላም ፍሬንም ሁለቱም የሉም።

ባለፈው ኦክቶበር፣ ዝናብ ነው፣ ከናሽናል አየር ማረፊያ ሁለት ሰው ጭኜ በ14ኛው መንገድ ድልድይ ወደ ከተማ እየገባሁ ነበር። ከፊቴ አንድ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ትታየኛለች። ሩቅ ያለ መኪና አንድ መብራቱ የተቃጠለበት ነው የመሰለኝ፣ ምክንያቱም ዓይን እንደዚያ ነው የሚሠራው። ደብዛዛና አንድ ብቻ የሆነ መብራት ሲያይ «ሩቅ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ሩቅ አልነበረም። ፍሬን ይዞ እየቆመ ያለ ሞተር ነበር፣ ፍሬኑ መብራቱን ግን በቅጡ አልለወጠውም። ርቀት ጠብቄ ስለነበር ቆምኩ፣ ጎማዬ ትንሽ ተንሸራተተ፣ ከኋላዬ ያለችው ተሳፋሪ የፊቱን ወንበር ጨመደደች። ቀጣዩ መብራት ላይ አጠገቡ ስደርስ መስኮት ከፍቼ «ወንድም፣ የኋላ መብራትህ አይታይም» አልኩት። ሄልሜቱን ነቀነቀና ሄደ። ምናልባት ስለ ሌላ ነገር የተናገርኩ መስሎት ይሆናል። እኔ ግን ያን ሌሊት ከዚያ በኋላ አንድ ጉዞ ብቻ ሠርቼ ገባሁ።

«ደህና፣ ከኋላ የመታ ሁልጊዜ ጥፋተኛ ነው፣ ኢንሹራንስህ ይከፍለኛል» የሚል አለ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ይህቺን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቧት። እነዚህ ሁለት ስቴቶች የድሮውን ከባድ መርህ ከያዙት ጥቂቶች መካከል ናቸው። ለአደጋው አስተዋጽኦ ያደረገ የራስህ ጥፋት ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ካሳህ እንዳለ ሊቀር ይችላል። ብዙ ቦታ እንደሚደረገው «20 በመቶ ያንተ ነው፣ 80ውን እንክፈል» የለም። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ የኋላ መብራት በጥሩ አየር ከ500 ጫማ ርቀት በግልጽ እንዲታይ ይጠይቃል፣ 150 ሜትር ገደማ ማለት ነው። አሁን እግርህ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተሃል እንበል። የሌላው ወገን ኢንሹራንስ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ፎቶ የምን ይመስልሃል? ያንን ፎቶ ደግሞ አንተ ራስህ ከሙዚቃ ጋር አቀናብረህ ለሕዝብ ለቀኸዋል።

«ዲኦቲ የሚል ማኅተም አለበት» ብሎ የሚከራከረኝም አላጣሁም። ዲኦቲ የሚለው ጽሑፍ መንግሥት አይቶ የፈቀደው ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አምራቹ ራሱ «ደንቡን አሟልቻለሁ» ብሎ ያትማል፣ መንግሥት ዕቃው ከመሸጡ በፊት አያጸድቅም። የታወቀ አምራች ሲያትመው ስሙን አስይዞ ነው። ስም የሌለው ሻጭ፣ ነገ ሱቁን ዘግቶ በሌላ ስም የሚከፍት፣ ሲያትመው ግን ቀለም ብቻ ነው። ሌንስ ላይ «ለውድድር ሜዳ ብቻ» የምትል ጥቃቅን ጽሑፍ ካገኛችሁ ደግሞ ሻጩ ራሱ እውነቱን እየነገራችሁ ነው፣ እመኑት። አውሮፓ ያላችሁ በዚህ ትሻላላችሁ። በክብ ውስጥ የ«ኢ» ፊደልና ቁጥር ያለበት ማኅተም ዕቃው አስቀድሞ ተፈትኖ የጸደቀ መሆኑን ያሳያል። ቁጥሩ ያጸደቀውን አገር ይናገራል፣ 1 ጀርመን ነው፣ 4 ኔዘርላንድ፣ ዕቃው የተሠራበትን አገር ግን አይናገርም። ጀርመን ያላችሁማ ያልጸደቀ መብራት ገጥማችሁ የሁለት ዓመቱ ምርመራ ላይ ብትቀርቡ ምን እንደሚገጥማችሁ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

አንድ አንባቢ ቁጥር ይዞ መጥቶብኛል፣ ደስ ብሎኛል፣ በቁጥር የሚከራከር ሰው እወዳለሁ። «ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ሲጋጭ ሰው ከሚሞትበት አደጋ፣ ሞተሩ ከኋላ የተመታበት ከመቶ 7 ገደማ ብቻ ነው፣ አብዛኛው ከፊት ነው» አለኝ። ትክክል ነው፣ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ የሚያወጣው ቁጥር እዚያው አካባቢ ነው። ግን ወንድሜ፣ ይህ ቁጥር የተገኘው አብዛኛው ሞተር የፋብሪካ መብራቱን ይዞ በሚሄድበት አገር ነው። ጃንጥላ ይዘህ ስላልረጠብክ ጃንጥላው አያስፈልግም አይባልም። ደግሞ ከፊት የሚመጣውን አንተ ራስህ ታያለህ፣ ፍሬን አለህ፣ መሪ አለህ፣ የምታደርገው ነገር አለህ። ከኋላ ለሚመጣው ግን ያለህ ነገር መስታወትና ያ መብራት ብቻ ነው። በ2023 በዚህ አገር ከ6,300 በላይ ሞተረኞች ሞተዋል። ከዚያ ውስጥ ትንሿ ድርሻም ብትሆን የብዙ እናቶች ልቅሶ ነው።

ታክሲ ነጂዎች ደግሞ ይህን እወቁልኝ፣ በኛ ሥራ የሚያኮራ ነገር ነው። ዛሬ በየመኪናው ኋላ መስታወት ላይ ያለው ሦስተኛው የፍሬን መብራት መጀመሪያ የተሞከረው በታክሲዎች ላይ ነው። ጆን ቮቮድስኪ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮ ታክሲዎች ላይ ተጨማሪ የማስጠንቀቂያ መብራት አስገጥሞ፣ ከኋላ መመታት ከግማሽ በላይ መቀነሱን በ1974 አሳተመ። ቀጥሎ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲዎች ላይ ተሞከረ። ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ለአዲስ የቤት መኪና ሁሉ ግዴታ ሆነ። ሁሉም መኪና ላይ ከገባ በኋላ ጥቅሙ ወረደ፣ ዓይን ስለለመደው። መንግሥት በ1998 ባወጣው ጥናት ቅነሳው ከመቶ 4 ጥቂት አለፍ የሚል ሆነ። ያችም ግን ለአንድ ርካሽ አምፖል ትልቅ ነገር ናት። አሁን አስቡት፣ መኪና ሦስት የፍሬን መብራት ይዞ እንኳ ይመታል። ሞተር ብዙውን ጊዜ አንድ አለው። አንዷንም አጥቁሮ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል?

ስለ ፍሬቻው ባጭሩ። አንድ ላይ የተጠቃለለ መብራት ጥፋቱ ማነሱ ነው። የፌዴራሉ ደንብ የሞተር የኋላ ፍሬቻዎች ከመሃል እስከ መሃል ቢያንስ 9 ኢንች፣ ማለትም 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እንዲራራቁ ይላል። ቪዲዮው ላይ ያለው መብራት ጠቅላላ ስፋቱ መዳፍ ቢያክል ነው። እንደዚያ ተጠጋግተው ከፍሬኑ ጋር ሲበሩ ግራ ነው ቀኝ ነው የሚለውን ከ40 ሜትር መለየት አይቻልም። የተጠቃለለውን ከወደዳችሁት ግጠሙት፣ ግን የጎን ፍሬቻዎቹን አትንቀሉ። በርገብ በርገብ የሚለውን የፍሬን መብራት በተመለከተ ደግሞ የፌዴራሉ ደንብ የፍሬን መብራት ሳይቆራረጥ እንዲበራ ነው የሚለው። የስቴት ሕግ ይለያያል፣ ከመግዛታችሁ በፊት የየራሳችሁን እዩ።

አሁን ወደ ሽቦው። እዚህ ቪዲዮው በጣም አናዶኛል።

ልጁ «ጥቁርን ከጥቁር፣ ቀይን ከቀይ ታስራላችሁ» ይላል። የያዘው ሞተር ላይ ሠርቶለት ይሆናል። ግን የሽቦ ቀለም የጋራ ቋንቋ አይደለም። ያማሃ ላይ ጥቁር ማሳ ነው። ሆንዳ ላይ ማሳ አረንጓዴ ነው፣ ጥቁሩ ግን ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት የሚመጣበት ነው። ይህን ቪዲዮ አይቶ የሆንዳ ጥቁር ሽቦ ላይ የመብራቱን ማሳ የሚያስር ልጅ ቢያንስ መብራቱ አይበራለትም፣ ቢብስ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ፊውዙን ደግሞ በፎይል የሚጠቀልል ጀግና አይጠፋም። ለማጣቀሻ ያህል፣ ሆንዳ ላይ በአብዛኛው ቡናማው የኋላ መብራት፣ ባለ ቢጫ መስመሩ አረንጓዴ የፍሬን፣ ብርቱካናማው የግራ፣ ውሃ ሰማያዊው የቀኝ ፍሬቻ ነው። ያማሃ ላይ ሰማያዊው የኋላ፣ ቢጫው የፍሬን ነው። ይህንንም ቢሆን በኔ ቃል አትመኑት። ቴስተር ያዙ። ቁልፉን ክፈቱ፣ ሳትነኩት 12 ቮልት ያለው የኋላ መብራቱ ነው። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ቮልት የሚመጣበት የፍሬኑ ነው። ቁልፉን ዝጉና ቴስተሩን ወደ ኦም አዙሩ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ዜሮ አካባቢ የሚያሳየው ማሳ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ መቁረጥና ማያያዝ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ልጁ ባትሪውን ሳይፈታ ነው የሠራው።

ቀጥሎ ሽቦዎቹን በጣቱ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቀለላቸው። ጎበዝ፣ ይህ ለቤት ራዲዮ ይሆናል። ሞተር ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከጎማው ውሃ ይረጭበታል፣ በጋ ኮርቻው ስር እንደ ምጣድ ይግላል። የናስትሮው ሙጫ ይቀልጣል፣ ሽቦው ይላላል፣ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይይዛል። በደንብ የሚጨመቅ ማያያዣ፣ ከላዩ ሲሞቅ የሚኮማተረው ቱቦ፣ ዋጋቸው ጥቂት ዶላር ነው። ከሁሉ የሚሻለው ለሞተራችሁ ሞዴል የተሠራ፣ በፋብሪካው ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካ ማገናኛ መግዛት ነው። ያኔ አንድም ሽቦ አይቆረጥም፣ የድሮውን መመለስ ስትፈልጉም ነቅሎ መሰካት ነው።

ማሳው ሲላላ የሚመጣው ነገር ለብቻው መጻፍ ያለበት ነው። ሰው መብራት ሲጠፋ ብቻ የተበላሸ ይመስለዋል። ማሳ ሲበላሽ ግን ኤሌክትሪኩ መመለሻ ፍለጋ በሌላው መብራት በኩል ይዞራል። ፍሬን ስትይዝ ፍሬቻው ደብዝዞ ይበራል፣ ፍሬቻ ስትሰጥ የኋላው ይደክማል። «አጋንንት ገባበት» የሚባሉት ሞተሮች አብዛኞቹ ማሳ ያጡ ናቸው። ጸበሉ የአሸዋ ወረቀትና አንድ ንጹሕ ብሎን ነው።

የፍጥነቱ ነገርም አለ። ኤልኢዲ ሲገጠም ፍሬቻው እንደ እብድ ይፈጥናል፣ ምክንያቱም የድሮው ፍላሸር በአምፖሉ የኤሌክትሪክ መጠን ነው የሚሠራው፣ ኤልኢዲው ትንሽ ስለሚወስድ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ልጁ ያደረገው መፍትሔ ሬዚስተር መጨመር ነው፣ እሱንም ከሽቦዎቹ ጋር አስሮ ፕላስቲኩ ስር ወሸቀው። ሒሳቡን እንሥራ። 10 ኦም ሬዚስተር፣ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 13.5 ቮልት፣ በበራ ቁጥር 18 ዋት ገደማ ሙቀት ነው። ብልጭ ድርግም ስለሚል አማካዩ የዚያ ግማሽ ይሆናል፣ ቢሆንም ጣት ያቃጥላል፣ ፕላስቲክና የሽቦ ልባስ ያለሰልሳል። የግድ ከሆነ ብረት ላይ በብሎን ይታሰር። ግን ኤልኢዲ የገዛኸው ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ አልነበረም? የቆጠብከውን መልሰህ ኮርቻህ ስር እያነደድከው ነው! ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር ግዛ፣ ርካሽ ነው፣ በብዙ ሞተር ላይ ነቅሎ መሰካት ነው። አራቱንም ፍሬቻ ኤልኢዲ ካደረግህና ዳሽቦርዱ ላይ ለግራም ለቀኝም አንድ ማሳያ መብራት ብቻ ካለህ ደግሞ አራቱም አብረው ሊበሩብህ ይችላሉ፣ ያንን ሁለት ዳዮድ ይፈታዋል።

ኤልኢዲን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ጥሩ ኤልኢዲ ከአምፖል ይሻላል። የአምፖል ክር ግሎ እስኪደምቅ ወደ 0.2 ሰከንድ ይፈጃል፣ ኤልኢዲ ግን ወዲያው ነው። በሰዓት 60 ማይል ለሚነዳ ሰው 0.2 ሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ነው፣ አንድ መኪና ሙሉ። ከኋላህ ላለሁት ለኔ ያ ትልቅ ስጦታ ነው። ስለዚህ ግዙ። ቀይ ሌንስ ያለው፣ የታወቀ አምራች የሠራው ይሁን። አምፖሉን ብቻ የምትለውጡ ከሆነ ለቀይ ሌንስ ቀይ ኤልኢዲ ግዙ፣ ነጭ አትግዙ። ከነጩ ኤልኢዲ ብርሃን ውስጥ ቀዩ ጥቂት ስለሆነ ሌንሱ አብዛኛውን ያስቀረዋል። የታርጋ መብራት ከስሩ የሚወጣ ከሆነ ግን ለታርጋው ነጭ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ከታች ነጭ የሚሰጠውን ዓይነት ፈልጉ።

የኋላ ፓራፋንጎውን ቆርጣችሁ የምትጥሉም አላችሁ። ስትጥሉት ቀዩ አንጸባራቂም አብሮ ይሄዳል። ያ አንጸባራቂ ሽቦ የለውም፣ ፊውዝ የለውም፣ ባትሪህ ሞቶ ሃይዌይ ዳር ብትቆም እንኳ በኔ መብራት ይበራል። ሦስት ዶላር የማይሞላ ነው፣ መልሳችሁ ለጥፉት።

ሲያልቅ ፈተናው እንዲህ ነው። ጓደኛ ጥሩ። ቀን፣ ፀሐይ መብራቱ ላይ በምታርፍበት ሰዓት ይሁን። እሱ ሞተሩ ላይ ይቀመጥ፣ አንተ 150 ሜትር ሂድ። ሳይነግርህ ፍሬን ይያዝ ይልቀቅ፣ አንተ እጅህን እያነሳህ መልስ። የእጁን ፍሬን ለብቻ፣ የእግሩን ለብቻ ይሞክር፣ ሁለቱ የየራሳቸው ስዊች ስላላቸው አንዱ ሠርቶ ሌላው ላይሠራ ይችላል። ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብለህ ከሌላው ሌይን እንደሚመጣ ሰው እይ። ማታ ደግሞ ድገሙት፣ ያኔ የምታየው የኋላውና የፍሬኑ ልዩነት ግልጽ መሆኑን ነው። አንድ ጊዜ እንኳ «ያዘ ወይስ አልያዘ?» ብለህ ከተጠራጠርክ መብራቱ ወድቋል፣ ወደ ሻጩ መልሰው።

ሽቦ የሚያምታታባችሁ ካላችሁ የሞተሩን ሞዴልና ዓመት ከስር ጻፉልኝ፣ እሑድ ከሥራ ስገባ አያለሁ። ቴስተር የሌላችሁ አሌክሳንድሪያና ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ከሆናችሁ የኔን ላውሳችሁ እችላለሁ፣ ባትሪውን ግን አትጨርሱት። ጥቁሩን አስቀድማችሁ የገጠማችሁ ደግሞ የፋብሪካውን መብራት ገና ካልጣላችሁት ጋራዥ ውስጥ ፈልጉት። ብሎኖቹ ያው ናቸው።